ከፎርማት በፊት ሒሳብ ይሠራ

በቫይረስ የተበከለ የቤት ኮምፒውተር ወደ ጥገና ሱቅ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፡፡ ለሱቁ አጭር ሥራ ነው፤ ለደንበኛው ግን ቅጂ ያልተያዘለት ፎቶግራፍና ሰነድ አብሮ ይጠረጋል፡፡

በፍላሽ የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል ይደብቃል እንጂ አያጠፋም፡፡ «ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ኪሳራን በገንዘብ መግዛት ነው፡፡

ማጽጃው በነፃ አለ፡፡ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር የሚመጣው ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የተባለ ምርጫ አለው፡፡ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ ቫይረሱ ሥራ ሳይጀምር ይያዛል፡፡

ፎርማት የግድ ከሆነም አስቀድሞ ሰነዱ ይገልበጥ፡፡ የሚጫነው ዊንዶውስም ክራክ አለመሆኑ ይጠየቅ፤ ክራክ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ፣ ደንበኛውንም ወደዚያው ሱቅ ሊመልሰው ይችላልና፡፡