ከጅቡቲ ማዶ፤ የጎዳ ተራራ መንደርና የሚደርቀው ጥድ

ከጅቡቲ ወደብ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚመለከት ሰው አየሩ በጠራበት ማለዳ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የጎዳን ተራሮች ለማየት ይችላል። የወደብ ሰው ግን ዓይኑ ከመርከብና ከሚዛን ስለማይነሣ፤ ከከተማዋ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ጥድ የሚበቅልበት ብርድ አገር መኖሩን የሚያስታውሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። በዚያን ጊዜ አቅም ያለው ወደ አርታ ኮረብታ ወይም ወደ ሐረር ይሸሻል፤ ወደ ዳይ መንደር የሚወጣው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ዳይ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ታጁራ መውረድ ነው። ሁለተኛው በመኪና የአዲስ አበባን ጎዳና ጥቂት ከተከተሉ በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፎ የጉቤትን ዳርቻ መዞር ነው። በዚህኛው መንገድ የሚሄድ መንገደኛ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚገኘው በአሳል የጨው ሐይቅ አጠገብ አልፎ፤ በዚያው ቀን 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ካባ ፈልጎ ያድራል።

ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ታጁራ ከጅቡቲ ከተማ እጅግ የቀደመች የንግድ በር ናት። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሄደው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ግመል እስኪያገኝ ወራት ሙሉ የጠበቀው እዚሁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ተነሥቶ ሸዋ የደረሰው በ1887 ነው። ዕቃው ሁሉ በጅቡቲ በኩል መውረድ ከጀመረና የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ታጁራ ተረሳች። እ.ኤ.አ. በ2017 በተለይ ለኢትዮጵያ ፖታሽ ታስቦ አዲስ ወደብ ተከፍቶላታል።

ከታጁራ በላይ መንገዱ ድንጋያማና ጠመዝማዛ ነው። ራንዳ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል። በባንኮዋሌ ሸለቆ ከዚህ ሌላ በሶማሊያና በየመን ብቻ የሚገኝ ረጅም የዘንባባ ዓይነት ቆሟል። የዳይ ሰዎች አፋሮች ናቸው፤ ዳቦይታ በሚሉት ከቅርንጫፍና ከሰሌን በተሠራ ቤት ይኖራሉ፤ ሀብታቸውም ፍየል፣ ግመልና በተለይም ላም ነው። በቆላ ለኖረ የአፋር ከብት አርቢ በጉም ውስጥ ላም ማገድ ትልቅ ጸጋ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከመንደሩ በላይ ያለው ደን እ.ኤ.አ. በ1939 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ዛፉ በአንኮበር አጠገብ በወፍ ዋሻ ደንና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚታየው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ወይራም ከጎኑ አለ። የሸዋ ሰው ከዚህ ቢደርስ አገሩ የገባ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀና ብሎ ሲመለከት ከጥዱ ብዙው ቆሞ የደረቀ፤ ቅርፊቱ የረገፈና እንደ አጥንት የነጣ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ዝናቡ ቀንሷል፣ ዛፉ ለማገዶና ለቤት ይቆረጣል፣ ችግኙን ደግሞ ከብት ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሜኑ ክፍል የተነሣው ጦርነትም ደኑን የሚጠብቅ እንዳይኖር አድርጎ ነበር። በጎዳና በጎረቤቱ በማብላ ተራራ ብቻ የሚኖረው፤ የፈረንጅ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1952 የመዘገቡት የጅቡቲ ቆቅ፤ ዛሬ ሊጠፉ ከተቃረቡት አዕዋፍ አንዱ ነው።

ችግሩን ለእረኛው ብቻ መስጠት ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። በድርቅ ዓመት ታች ያለው ሣር ሲያልቅ ላሟን ወደ ጥዱ ጥላ የሚያወጣት ሌላ ስለሌለው ነው። ክልከላ ብቻ ቢታወጅበት በሌሊት ያወጣታል፤ ከደኑ በታች ውኃና መኖ ቢያገኝ ግን ወደ ላይ የመውጣቱ ምክንያት ይቀንሳል። እንግዳ ተቀብለው የሚያሳድሩ የባንኮዋሌና የዳይ ሰዎች ከቆመው ጥድ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ስለ ጀመሩ፤ ለደኑ ከጠባቂ ይልቅ እነርሱ ይጠቅሙ ይሆናል። ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ከአዲጋላ ሜዳ ተቆፍሮ በቧንቧ የሚወርድ ውኃ ትጠጣለች። ያ ቧንቧ ወደ ጎዳ አይወጣም፤ በተራራው ላይ ያለው ውኃ ከዝናብና ከጉሙ የሚገኘው ነው፤ ጉሙን በቅጠሉ ይዞ ወደ መሬት የሚያንጠባጥበውም ጥዱ ነው።