ሸክላ ሠሪዋ አያት

በዚህ ገጽ የምናቀርብላችሁ በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችንን ኑሮ፣ ሙያና አስተያየት ነው። የዛሬዋ እንግዳችን በደቡብ እስራኤል በምትገኝ አንዲት ከተማ የሚኖሩ እናት ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ እኛም የሰፈሩ ሰው እንደሚጠራቸው «እማማ» ብቻ እንላቸዋለን።

እማማ ተወልደው ያደጉት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ ነው። ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በቀድሞው ዘመን አብዛኞቹ ወገኖቻችን የርስት መሬት ስላልነበራቸው፣ ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። እማማም ሙያውን ከእናታቸው የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው።

ሥራው ቀላል እንዳልነበረ ያስረዳሉ። አፈሩ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ደርቆ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ በውሃ ተቦክቶ ይታሻል። ጀበናውም ሆነ እንስራው ያለ ምንም መሣሪያ ጭቃው እየተጠቀለለና እየተደራረበ በእጅ ብቻ ይሠራል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከደረቀም በኋላ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። ምጣድ ከሆነ ደግሞ ሥራው በዚህ አያበቃም። በጎመንዘር ታስሶ በደንብ ካልተሟሸ እንጀራውን ይይዛል።

ገበያተኛው ዕቃውን ይፈልገዋል፤ የሠሪዋን እጅ ግን ይፈራል። «ቡዳ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ ከጆሯቸው አልወጣም። እንጀራቸውን በእኛ ምጣድ እየጋገሩ፣ ቡናቸውን በእኛ ጀበና እያፈሉ እኛን ይሸሹን ነበር ይላሉ እማማ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ እማማም ከልጆቻቸው ጋር አብረው መጡ። ከለበሱት ልብስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልያዙም። ከመርካዝ ክሊታ ከወጡ በኋላ እስከ ጡረታ ድረስ በጽዳት ሥራ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጭቃ በእጃቸው አልነኩም።

ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቡና አፍልተው ጎረቤት ይጠራሉ። በረንዳቸው ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ተክለዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አረጋውያን ሞአዶን ይሄዳሉ፤ እዚያም ከእኩዮቻቸው ጋር ሸክላ ይሠራሉ። ጭቃው በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ የሚተኮሰውም በኤሌክትሪክ ነው። እማማ ይህን ጭቃ ከሱቅ ዳቦ ጋር ያመሳስሉታል፤ ለስላሳ ነው፣ ግን ሽታ የለውም ይላሉ። ቢሆንም እንስራ ያዘለች ሴት፣ ወፍና አንበሳ ሲሠሩ ጣታቸው አንዳች አልረሳም።

የሚያሳስባቸውን ስንጠይቃቸው ስለ ደብዳቤና ስለ ሐኪም ነገሩን። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ይጠብቃሉ። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ለሐኪም የሚነገረውን የሴት ሕመም በልጅ አፍ ማስተርጎም ነው። አፍረው ሕመማቸውን ሳይናገሩ የተመለሱበት ቀን አለ። በአገራችን ልጅ ለታላቁ ውሃ ያቀብላል እንጂ የታላቁን ምሥጢር አይሸከምም ነበር ይላሉ። እኛም ይህ የእማማ ብቻ ችግር እንዳልሆነ እናውቃለን።

የእማማ ሴቶች ልጆች ሸክላ መማር አልፈለጉም። ስድብ ያመጣብንን ሥራ እዚህ ድረስ ለምን እናመጣዋለን ብለው ተከራከሯቸው። እማማ በዚህ አይስማሙም። እኛን ያሳፈረን የሰው አፍ እንጂ የእጃችን ሥራ አይደለም ነው መልሳቸው። አሁን የ12 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ጀበና መሥራት ጀምራለች። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ የእማማም ዕብራይስጥ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ጭቃው ፊታቸው ሲቀርብ ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያው የልጅቷ ጀበና አንገቱ ተጣሞ ወጣ። እማማ አላቃኑትም፤ ራሷ አፍርሳ እንደገና እንድትሠራው ሰጧት።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችን ሸክላ የሠሩ፣ ጥጥ የፈተሉ፣ ስፌት የሰፉ እናቶች፣ ብረት የቀጠቀጡና ሸማ የሸመኑ አባቶች አሉን። ብዙዎቹ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው፤ የሚሉትን በስልካችሁ ቅረጹት፤ ከተቻለም ልጆቹ አብረዋቸው ይሥሩ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ ለእናት ሴት፣ ለአባት ወንድ፣ ዕድሜው የደረሰ ሰው አብሯቸው ይሂድ እንጂ ሕፃን ልጅ አትላኩ። ለእማማ ዕድሜና ጤና እንመኛለን።