ምርመራ የማያሳየው የሆድ ሕመም

በድሬዳዋ ሆዱን ደጋግሞ የሚያመው ተማሪ አስቀድሞ የሚጠረጥረው አሜባን ወይም ጃርዲያን ነው። የሰገራ ምርመራው ነፃ መሆኑን ቢያሳይም ሕመሙ ሲመላለስበት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሜትሮኒዳዞል መዋጡን ይቀጥላል።

ለእንዲህ ያለው ሕመም አንዱ ምክንያት «አይ ቢ ኤስ» ይባላል። ሕመሙ ከሰገራ መድረቅ ወይም መቅጠን ጋር ይያያዛል፤ በአንጀት ላይ ግን የሚታይ ቁስል የለም። የተዛባው የአንጀትና የአንጎል የነርቭ ግንኙነት ነው። የድምፅ ማጉያ ከልክ በላይ ሲከፈት ሹክሹክታ ጩኸት እንደሚሆን ሁሉ፣ ተራ የጋዝ ግፊትም ሥቃይ ሆኖ ይሰማል። ሪቺ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር ባሳተመው ጥናት፣ አንጀት ውስጥ ፊኛ ሲነፋ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ጤነኞችን በማያሳምም መጠን እንደሚታመሙ አሳይቷል። ስለዚህ ሕመሙ የምናብ ፈጠራ አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ይቻላል። ግፊቱን ለመቀነስ በሰዓቱና በልክ መብላት፣ ሽሮና ሽንኩርትን ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ ለውጡን መመልከት ነው። «ማጉያውን» ዝቅ ለማድረግ ደግሞ በቂ እንቅልፍና የእግር ጉዞ ይረዳሉ፤ ለፈተና ጫት ቅሞ ማደር ግን እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ይነሣል። ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶችም አሉ።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።