ሪኒው፦ ማደስ፣ ማሳደስ፣ ማገርሸት

ሰሞኑን አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ልጃቸው ከሞያሌ ናይሮቢ ከባድ መኪና ይነዳል። መንጃ ፈቃዱን "ሪኒው" እንዲያደርግ የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ደርሶታል። "ልጄ፣ አዲስ ሊሰጡት ነው ወይስ አሮጌውን ሊያድሱለት?" አሉኝ።

"እማማ፣ ፈቃዱ ያው የድሮው ነው፤ ጊዜው ስላለቀ ዕድሜ ይጨመርለታል። ኬንያ ውስጥ ለ1 ወይም ለ3 ዓመት ነው የሚታደሰው። ካርዱ ጠፍቶበት ቢሆን ኖሮ ግን ምትክ አውጣ ነበር የሚሉት" አልኳቸው።

ጥያቄያቸው የቃሉን ልብ የነካ ነው። ሪኒው የሚደረገው ቀድሞ የነበረ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም የደከመ፣ አሁንም ያው ሆኖ የሚቀጥል ነገር ነው፦ ፓስፖርት፣ ውል፣ የንግድ ፈቃድ፣ ወዳጅነት፣ ቃል ኪዳን። እዚህ ሞያሌ ገበያ ከምንሰማቸው ቋንቋዎች ብዙዎቹ ቃሉን ያወጡት "አዲስ" ከሚለው ነው። እኛ ከአዲስ አደሰ አልን፤ ኦሮምኛው ከሃራ ሃሮምሱ ይላል፤ ስዋሂሊው "እንደ አዲስ" ለማለት ኡፕያ ይላል፤ እንግሊዝኛውም "ኒው" ላይ "ሪ"ን ቀጠለበት።

ተማሪዎቼ የሚሰናከሉት ግን ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ ፓስፖርቴን "አሳደስኩ" እንጂ "አደስኩ" አንልም፤ የሚያድሰው መሥሪያ ቤቱ ነዋ! እንግሊዝኛ ይህን አይለይም። ማመልከቻ ያስገባው ሰውም ማኅተም የመታው ሠራተኛም ያው "ሪኒው" አደረጉ ይባላሉ። ስለዚህ "አሳደስኩ" ለማለት ተጨማሪ ግሥ አትፈልጉ፤ "አይ ሪኒውድ ማይ ፓስፖርት" ይበቃል። ቤት ሲሆን ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ግድግዳ ለስኖ ቀለም መቀባት "ሪኖቬት" ነው።

"ሪኒወብል"ን ታዳሽ ማለታችን ደግሞ ደስ ይለኛል። በኛው በማርሳቢት ካውንቲ፣ በኩላልና በኒይሮ ተራሮች መሃል የሚነፍሰው ነፋስ 365 ተርባይኖችን ያዞራል፤ የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያንን ነፋስ ማንም አያድሰውም፤ ራሱ ይታደሳል። አማርኛው ይህን በአንድ ቃል ይዞታል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እንግሊዝኛ "ሪኒውድ"ን ለክፉም ለደጉም ይጠቀምበታል። ተስፋም "ሪኒውድ" ነው፣ ውጊያም "ሪኒውድ" ነው። የእኛ "ታደሰ" ግን ለልጅ ስም የምናወጣው ቃል ነው፤ ደስታ አለበት። ዜና ላይ "የታደሰ ግጭት" የሚል ሳነብ ይቆረቁረኛል። ለዚህ አማርኛ የራሱ ቃል አለው፦ አገረሸ። ወባ ያገረሻል፣ ቁስል ያገረሻል፣ ጠብም ያገረሻል። ቃሉ በሽታው ሙሉ በሙሉ እንዳልዳነ፣ ከሥር ተዳፍኖ እንደነበር ይናገራል።

በድንበር ከተማችን ሞያሌ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ሲገደሉ ሺዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። በኬንያ በኩል ሶሎሎና ሶማሬ ላይ ሸራ ወጥረው የከረሙ ሰዎች ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። እንደገና ተኩስ ሲሰማ ለእነሱ ምን ታደሰላቸው? እባካችሁ፣ የምትተረጉሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ቦታ ላይ "አገረሸ" በሉ።

ለሣርም አማርኛ እንዲሁ የራሱ ቃላት አሉት። የመጋቢት ዝናብ ሲወርድ እንግሊዝኛው የግጦሹ መሬት "ሪኒውድ" ሆነ ሊል ይችላል። የአካባቢያችንን የጎልቦ ሜዳ በዚያ ሳምንት ያየ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሣሩ አቆጠቆጠ፣ ሜዳው ለመለመ ነው የሚለው።

እናትየው ትናንት በደጄ ሲያልፉ ነገሩኝ፤ ልጃቸው ለ3 ዓመት አሳድሷል።