ዳኝነት ከእግር ይጀምራል

በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በብድር ተጣልተው ነገራቸው በቃል አልበርድ ያላቸው እንደ ሆነ፣ ከሹም ዐደባባይ እስኪደርሱ ሳይጠብቁ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ገበሬ፣ ካህንም ይሁን ወታደር፣ «ዳኛ ሁነን» ብለው ያቆሙት ነበር፤ የቆመውም መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የሁለቱንም ቃል በተራ ሰምቶ ለኅሊናው የመሰለውን ይፈርድ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ምንም ሹመት ያልነበረውን ይህን ሰው ዳኛ ያደረገው፣ ባለጋራዎቹ ወደው በፊቱ መቆማቸው ብቻ ነው። ይህ ልማድ ፈጽሞ የጠፋ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ ከአንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር ይቁም፤ የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ከተመልካቹ መካከል አንዱን ወጣት ጠርቶ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ሲሰጠውና «ዛሬ አንተ አጫውት» ሲለው ያያል።

እኔም ወደ ዳኝነት የገባሁት በዚሁ በር ነው። የዚያን ቀን የሚጋጠሙት የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ነበሩ፤ ሕጉንም በመጫወት ብዛት የማውቀው ስለ መሰለኝ ፊሽካውን ያለ ፍርሃት ተቀበልሁ። ጨዋታው በተጀመረ ጊዜ ግን እንደ ተመልካች ኳሷን በዐይኔ መከተል ያዝሁ፤ ወደ ቀለበቱ በተወረወረች ቁጥር ዐይኔ አብሯት ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ከነዚህም በአንዱ ቅጽበት፣ እኔ ወደ ላይ አንጋጥጬ ሳለሁ፣ ከቀለበቱ ሥር አንዱ ልጅ የሌላውን ደረት በክርኑ ገፍቶ ጣለው። ወዳቂው ከሲሚንቶው ላይ ተነሥቶ የተላጠ መዳፉን ዘረጋልኝና «ዳኛ፣ ይህን አላየህም?» አለኝ። በእውነትም አላየሁም ነበር። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መምህሩ ሕግ አታውቅም ብሎ ይገሥጸኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የት ቆመህ ነበር?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ምዕራፍ እንግዲህ የዚያች አጭር ጥያቄ አንድምታ ነው።

የጥያቄዋን ምሥጢር ለመረዳት ወደ ጨዋታው ጥንት መመለስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1891 ዲሴምበር ካናዳዊው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ተማሪዎቹ ክረምቱን በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ሲፈልግ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ በሁለት ወገን ሰቀለ፤ 13 አንቀጾችም ጻፈ። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ይዞታ ነበረ፤ ይህም በአገራችን ወወክማ እየተባለ በአዲስ አበባ ስንቱ ወጣት ኳስ ያነጠረበት ማኅበር ነው። ከ13ቱ አንቀጾች ለዳኛ የሚበጁት ሁለቱ ናቸው፤ ይኸውም አንደኛውን ዳኛ በሰዎቹ ላይ፣ ሁለተኛውን ዳኛ በኳሷ ላይ የሚሾሙት ናቸው። ኔይስሚዝ የአንድ ሰው ዐይን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ሊጠብቅ እንደማይችል ከመጀመሪያው ቀን ተረድቶት ነበር። እኔ ግን ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በሲቀላ ሜዳ ላይ የኳሷ ዳኛ ብቻ ሆኜ፣ ሰዎቹን ያለ ዳኛ ትቻቸው ነበር።

ዛሬ ጨዋታው የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቭ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ በሚያወጣው ሕግ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ውድድር እንደ ልማዱ ሁለት ዳኞች ያጫውታሉ። ሥራቸውን በቅዳሴ ጊዜ ገባሬ ሠናዩ ካህንና ንፍቁ ከሚካፈሉት አገልግሎት ጋር ባመሳስለው የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ አይሻማም፣ አንዱ ያለ ሌላው ግን አይቆምም። ኳሷ ወደ አንደኛው ቀለበት ስታመራ አንዱ ዳኛ ቀድሟት ሮጦ ከቀለበቱ በስተኋላ ባለው የሜዳው መጨረሻ መስመር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ኳስ ከያዘው ተጫዋች በስተኋላ፣ ጥቂት ወደ ግራ ብሎ፣ ጥቂት እርምጃዎች ርቆ ይከተላል። ከፊት ያለው በቀለበቱ ሥር የሚደረገውን ትግልና ኳስ ያልያዙትን ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ኳሷንና የምትወረወርበትን እጅ ይጠብቃል። ኳሷ ተነጥቃ ወደ ሌላው ወገን በዞረች ጊዜ የኋላው የፊት፣ የፊቱም የኋላ ይሆናል፤ በዚህም ሥርዓት 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ዐሥሩም ተጫዋቾች ምን ጊዜም በሁለቱ ዳኞች መካከል ይገኛሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪ ግን የሚሰናከለው በርሱ ነው። ዳኛ መቆም የሚገባው በአጥቂውና በተከላካዩ መካከል ያለውን ብርሃን ከሚያይበት ቦታ ነው። የአንደኛው ጀርባ ሌላውን ከሸፈነበት፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖም እንኳ የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ግን የማን እጅ የማንን ክንድ እንደ ነካ ወለል ብሎ ይታየዋል። ጀማሪው ይህን ለማረጋገጥ ቢፈልግ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ያቁምና በዙሪያቸው አንድ ጊዜ ይዙር፤ ብርሃኑ በሚታይበትና በሚጠፋበት ስፍራ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ እንደማይበልጥ ይመለከታል።

ብርሃኑን ካየ በኋላ የሚፈርደው በምን ሕግ ነው? የሕግ መጽሐፉን አንቀጾች ሁሉ እዚህ መዘርዘር አይቻልም፤ መሠረቱን ግን የርስት ክርክር የሰማ ኢትዮጵያዊ በቶሎ ይገነዘበዋል። ተጫዋች ሕግን ጠብቆ ቀድሞ የያዘው መሬት፣ ከርሱም በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው አየር፣ የርሱ ርስት ነው። ተከላካይ በርስቱ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ሽቅብ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቢዘልና አጥቂው መጥቶ ቢጋጨው፣ ድንበር የገፋው አጥቂው ነው፤ ተከላካዩ እጁን ወደ ፊት አዘንብሎ ቢመታው ግን ድንበር ገፊው ተከላካዩ ይሆናል። መነካካት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ዐሥር ሰዎች በአንድ ጠባብ ሜዳ ላይ ሲሮጡ መነካካታቸው ስለማይቀር፣ ዳኛው የሚመረምረው ንክኪው ለአንደኛው ያልተገባ ጥቅም አስገኝቶለት እንደ ሆነ ነው።

ቁጥሮቹን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል መያዝ ይገባል። ጨዋታው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ የሆኑ 4 ክፍለ ጊዜያት አሉት፤ ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር፣ የሦስት ነጥብ መስመር ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ይርቃል፤ አጥቂው ከቀለበቱ ሥር ባለው ክልል ከ3 ሰከንድ በላይ አይቆይም፤ ከውጭ የሚያስገባ ተጫዋች 5 ሰከንድ፣ ኳሷን ከራስ ሜዳ ለማሻገር ቡድኑ 8 ሰከንድ፣ ለመወርወር 24 ሰከንድ አለው፤ 5 ጥፋት የሞላበት ተጫዋች ይወጣል፤ አንድ ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ 4 ጥፋት ከሞላበት በኋላ ኳስ ባልያዘበት ጊዜ በሚፈጽመው በእያንዳንዱ ጥፋት ተቃራኒው 2 ነፃ ውርወራ ያገኛል።

አሁን ወደ ፊሽካው እንምጣ። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር፤ ፊሽካም በሜዳ ላይ የምትሰማ «በሕግ አምላክ» ናት። በከንቱ የጠራት ሰው ኃይሏን ያሳጣታል። ጀማሪ የሚያጠፋው ከመዘግየት ይልቅ በመቸኮል ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ድርጊቱ ሳይፈጸም የተነፋ ፊሽካ ወዲያው ያሳፍራል። ስለዚህ ድርጊቱ ሲጀመር፣ ሲካሄድና ሲፈጸም አይቶ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አጥብቆ መንፋት ይገባል፤ ለስላሳ ፊሽካ የሚጠራጠር ዳኛ ድምፅ ነውና። መሣሪያውም ራሱ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ሮን ፎክስክሮፍት የተባለ ካናዳዊ የቅርጫት ኳስ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1984 በብራዚል ከኦሊምፒክ በፊት በተደረገ ውድድር ሲያጫውት፣ በፊሽካው ውስጥ ያለችው ፍሬ ተጣብቃ ድምፅ እንቢ አለችው፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ፍሬ የሌላትን ፎክስ 40 የተባለችውን ፊሽካ አሠራ፤ ዛሬ በብዙ ዳኞች አንገት ላይ የምትታየው እርሷ ናት።

ፊሽካው ያስቆማል እንጂ አይናገርም፤ የሚናገሩት እጆች ናቸው። ለጥፋት የተጨበጠ ጡጫ፣ ለሌላ የሕግ መጣስ የተዘረጋ መዳፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሰዓት ያዡም በዚህ ምልክት ሰዓቱን ያቆማል። ጥፋት ከሆነ ዳኛው ወደ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ቀርቦ፣ ቆሞ እንጂ እየሮጠ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ የአጥፊውን ቁጥር፣ ቀጥሎ የጥፋቱን ዓይነት፣ በመጨረሻ የነፃ ውርወራውን ብዛት ወይም ኳሷ የምትሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። ይህን በመስተዋት ፊት መለማመድ አያሳፍርም። ጨዋታው የሚጀመርበትን ኳስ ሽቅብ መወርወርም እንዲሁ ልምምድ ይሻል፤ ሁለቱ ዘላዮች ሊደርሱበት ከሚችሉት ከፍታ በላይ ቀጥ ብላ መውጣት አለባት። በዚያን ጊዜ ፊሽካን በጥርስ ነክሶ መያዝ አይገባም፤ የሚወርድ ክንድ ፊሽካውን ሲመታው የሚጎዳው የዳኛው ጥርስ ነውና።

ለመጀመር የሚያስብ ወጣት እንግዲህ በየት በኩል ይግባ? የኔ ምክር፣ ፊሽካ ከመያዙ በፊት እስክሪብቶ ይያዝ የሚል ነው። ከጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጦ የውጤት መመዝገቢያውን ቅጽ ለጥቂት ጨዋታዎች የሞላ ሰው፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ነጥብና ጥፋት በእጁ ስለ ጻፈ፣ ሕጉ ከጣቶቹ ወደ ልቡናው ይገባል፤ የዳኛው ምልክት ግልጽ ካልሆነ መዝጋቢው እንዴት እንደሚቸገርም ያውቃል። ቀጥሎ የታናናሾቹን ክፍሎች ጨዋታ፣ ከተቻለ ከርሱ ከሚበልጥ ዳኛ ጋር፣ እንደ ንፍቅ ሆኖ ያጫውት። ከዚያም የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ፌዴሬሽኑ የሚያዘጋጁትን የዳኝነት ሥልጠና በመምህሩ በኩል እየጠየቀ ይከታተል። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይበቁታል፤ ሜዳ ከመድረስ ግን ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቅደም፣ የዳኛው ሥልጣን የሚጀምረው ከጨዋታው 20 ደቂቃ በፊት ነውና። በሲቀላ ቆላ ሙቀት ከተጫዋቾቹ እኩል የሚሮጠው እርሱ ስለ ሆነ፣ ሩጫና ውሃ አይርሳ፤ የደከመ እግር ብርሃኑ ከሚታይበት ቦታ አያደርስም። እንጀራ ይሆነኛል ብሎ ግን አይጀምር። በእግር ኳስ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ በዳኝነት የተሰለፈችው ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት።

የቀረው የጠባይ ነገር ነው። ሲቀላ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ሰፈር ናት፤ ዛሬ አምስተኛ ጥፋት የመዘገብህበት ልጅ ነገ በባጃጅ አጠገብህ ይቀመጣል፣ እናቱም ሙዝ የምትሸጥልህ ትሆናለች። ፍትሐ ነገሥት ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበልና ፊት አይቶ እንዳያዳላ የሚያዝዘው ለታላላቅ ዐደባባዮች ብቻ አይደለም፤ ለሲሚንቶ ሜዳም ይሠራል። አሠልጣኝ በቁጣ ሲጮህ ዳኛው ድምፁን ከርሱ በላይ ማንሣት የለበትም፤ በአጭር ቃል መልሶ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ቁጣው ወደ ስድብ ካለፈ ደግሞ ሕጉ የቴክኒክ ጥፋት የሚባለውን ሰጥቶታልና ያለ ቂም ይጠቀምበት። የጋሞ ሰው ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዱቡሻ፣ ማለት በሸንጎው ስፍራ፣ ነገር የሚበርደው በጩኸት እንዳይደለ ከልጅነቱ ያውቃል፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ቆሙ፣ ተንበረከኩም፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ጉልበት አልነበራቸውም፤ መቆም በሚገባቸው ቦታ ግን በጊዜው ተገኝተው ነበር።

በቅርቡ ከሜዳው ዳር ስታይ የነበረችን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠርቼ ፊሽካዬን ሰጠኋት። አጫወተች፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ነበረች፣ ሁለት ጊዜ ቸኮለች፣ አንድ ጊዜም ከቀለበቱ ሥር የተፈጸመ ጥፋት አመለጣት። ቅጹ ተፈርሞ ልጆቹ ከተጨባበጡ በኋላ መምህሬ የጠየቀኝን ልጠይቃት ወደ እርሷ ስሄድ፣ እርሷ ወደ መጨረሻው መስመር ተመልሳ፣ ጥግ ላይ ቆማ፣ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ባዶውን የቀለበት ሥር ትመለከት ነበር። ስላልጠየቅኋት ምንም አልመለሰችልኝም፤ ፊሽካውን ግን አልተቀበልኋትም።