ሰብል በተባይ ሲጠቃ በውስጡ ምን ይከናወናል?

በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላማ ቀበሌዎች በቆሎ ወይም ማሽላ የዘራ አርሶ አደር ማሳውን ሲጎበኝ ያልተዘረጉትን ቅጠሎች ገልጦ ያያል። ተምች የሚደበቀው በዚያ ነውና። በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ክሽክሽ ገብሱን ይፈታተናል። በተለይ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ስጋቱ በርትቷል።

ሰብሉ ግን እጁን አጣጥፎ አይበላም። ትል ቅጠሉን ሲቆረጥም ጃስሞኒክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ለተባዩ የማይስማሙ ንጥረ ነገሮችንም ያዘጋጃል። ይህ መከላከል ጉልበት ይጠይቃል። ሳያቋርጥ ቢሠራ ለእድገትና ለፍሬ የሚውለውን ኃይል ይሻማል። ስለዚህ የሚከፍተውና የሚዘጋው ያስፈልጋል።

ከዚህ ሥራ ድርሻ ያላቸው ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አር ኤን ኤ የሚታወቀው የዲ ኤን ኤን መመሪያ ወደ ፕሮቲን መሥሪያ በማድረስ ነው። እነዚህኞቹ ግን መልእክት አያደርሱም፤ የሌላውን መልእክት ያግዳሉ። ከ21 እስከ 24 ፊደል ብቻ ያላቸው ጥቃቅኖቹ፣ የሚገጥማቸውን መልእክት ፈልገው ይቆርጡታል ወይም ያስቆሙታል። የመስኖ ውኃን እንደ አስፈላጊነቱ ከሚከፍትና ከሚዘጋ ገበሬ ጋር ይመሳሰላሉ።

ጎረቤት ፎገራ በሚታወቅበት ሩዝ ላይ በውጭ ሀገር የተደረገ ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 የተባለው ሲቀነስ ሩዙ ጭማቂውን የሚመጥጠውን ቡናማ ተባይ ይበልጥ ተቋቁሟል።

አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ እ.ኤ.አ በ1998 ይፋ ያደረጉት የአር ኤን ኤ ማገድ ዘዴ እ.ኤ.አ በ2006 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። አሜሪካ በዚሁ መንገድ የሚሠራ የድንች ጥንዚዛ መከላከያ ርጭትን እ.ኤ.አ በ2023 መጨረሻ መዝግባለች። ርጭቱ ጥንዚዛው ሲበላው ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ዘዴው ግን ለሁሉም ተባይ እኩል አይሠራም። እንደ ተምች ያሉ ትሎች አር ኤን ኤውን ሆዳቸው ውስጥ ቶሎ ይሰባብሩታል። ተባዮች ሊላመዱት እንደሚችሉም በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ስለዚህ ለዛሬው አርሶ አደር የሚያዋጣው የታወቀው ጥንቃቄ ነው፦ ሰብሉ ከበቀለበት ጊዜ ጀምሮ ማሳን ማሰስ፣ የተምችን እንቁላልና ትል በእጅ ለቅሞ መግደል፣ አረምን በወቅቱ ማረም፣ ሰብልን ማፈራረቅ። ኬሚካል የሚረጨው በግብርና ባለሙያ ምክር፣ የመከላከያ ልብስ ተለብሶ፣ ንቦች ከቀፎ በማይወጡበት ሰዓት ሊሆን ይገባል።

ሌላው ጥንቃቄ የዘር ነው። ተመራማሪዎች ተባይን የመቋቋም ባሕርይ የሚፈልጉት በአብዛኛው በነባር ዝርያዎች ውስጥ ነው። በጋይንት ጎተራ የተቀመጠ አንድ ቁና የቆየ ገብስ ነገ የሚፈለገውን ባሕርይ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከጠፋ ግን በገንዘብ አይመለስም።