ስለ ጌጥ መብራቶች አደጋ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ አበባ ሱቆች የሚታዩት የጌጥ መብራቶች ዓይነታቸው እጅግ በዝቷል። የራስጌው፣ የግድግዳው፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠለውም ሁሉ ገዢን የሚስበው በመልኩ ነው። አደጋውን የሚያስታውቀው ግን በመብራቱ ሥር የተለጠፈው ትንሽ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ አስመጪው ከማዘዙ፣ ባለሱቁም ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ይህን ማንበብ ይገባዋል።

አስቀድሞ የሚታየው ቮልቱ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው አምፖል 120 ቮልት ነው። የአሜሪካው አምፖል አንገት 26፣ በዚህ የተለመደው 27 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ያለ ችግር ይጠመዘዛል፤ ገዢውንም የሚያታልለው ይኸው ነው። ባለ ክሩ አምፖል ከተሠራበት ኃይል እጥፍ በላይ ስለሚስብ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

በዋት ረገድ ቸልተኝነቱ ይብሳል። «ከ40 ዋት አይበልጥ» ተብሎ በተጻፈበት ባለ ጨርቅ ቆብ መብራት ውስጥ የ100 ዋት አምፖል የሚያስገባ ሰው ብርሃን የጨመረ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ቆቡን ያጠቁራል፤ የሽቦውንም ልባስ አድርቆ ይሰነጥቃል። በአሜሪካ ረጃጅም የሃሎጅን መብራቶች መጋረጃ እያቃጠሉ ቤት ስላስነደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በሕዝብ እጅ ለነበሩት 40 ሚሊዮን ያህል መብራቶች የሽቦ መከለያ እንዲደረግላቸው ተወስኖ ነበር። ዛሬ 9 ዋት ያህል የሆነ የኤልኢዲ አምፖል የ60 ዋቱን ብርሃን ስለሚሰጥ፣ መብራቱን ከእንዲህ ያለው አምፖል ጋር አጣምሮ መሸጥ ለባለሱቁም ትርፍ አለው።

አካሉ ብረት የሆነ መብራት የመሬት ሽቦ፣ ወይም ድርብ ሽፋን እንዳለው የሚያስረዳ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣለ የሁለት አራት ማዕዘን ምልክት ሊኖረው ይገባል። ባለ ሦስት እግሩ ስፒና ተቆርጦ በባለ ሁለት እግር ሲተካ የመሬቱ ሽቦ ከንቱ ይቀራል፤ የተላጠ ሽቦ ብረቱን በነካ ዕለትም መብራቱን የዳሰሰ ሰው በኤሌክትሪክ ይያዛል።

በባትሪ የሚሠሩት የሻማ አምሳያዎች እሳት ስለሌላቸው ይታመናሉ። ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት እንደ ሳንቲም ባለ ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ቢውጠውና በጉሮሮው ቢቀረቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቁስል ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ናሙና ሲደርሰው የባትሪውን ክዳን በጥፍሩ ይሞክረው፤ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ በእርሱ ፈንታ በብሎን የሚታሰረውን ይዘዝ።